የድልድዩ ወንድም

በእኛ አገር ባቡር የለም። ከዳባት እስከ ደባርቅ፣ ከደባርቅ እስከ ጃናሞራ ብትዞሩ ባቡር በዓይኔ አይቻለሁ የሚል ሰው አታገኙም፤ ካገኛችሁም ወይ ድሬዳዋ ወታደር የነበረ ነው፣ ወይ ከጠላ ቤት የወጣ ነው። የባቡር ድልድይ ግን አለን። ይህን ለእንግዳ ስናገር እንግዳው ፈገግ ይላል፤ እኔም ድሮ አብሬው ፈገግ እል ነበር። በዚያ ድልድይ ምክንያት በእርጅናዬ ደጃፍ ላይ ሆኜ ዓይኔን በጨው አጥቤ ከዋሸሁ ወዲህ ግን ፈገግታዬ ቀንሷል።

ድልድዩ ከደባርቅ ወረድ ብሎ ባለ ወንዝ ላይ ነው። ግራና ቀኝ የድንጋይ ግንብ ቆሟል፤ በግንቦቹ መካከል ስድስት የባቡር ሐዲዶች ጎን ለጎን ተጋድመዋል፤ በሐዲዶቹ ላይ ደግሞ የእንጨት ሳንቃ ተረብርቧል። በቃ፣ ይኸው ነው። ጣሊያን መንገድ ሲያወጣ ሌላ ቦታ ያረጁ ሐዲዶችን በመኪና አስጭኖ አመጣና እንደ ቤት ወራጅ አጋደማቸው። ይህ የእኔ፣ የታሪክ አስተማሪው፣ ማብራሪያ ነው። በአካባቢው ከእኔ በቀር የሚያምነው ሰው የለም።

ሌላው ሰው የራሱ ታሪክ አለው። አንዳንዱ ባቡሩ እስከ ደባርቅ ሊመጣ ተቆርጦ ነበር ይላል፤ የጣሊያኑ መሐንዲስ ሊማሊሞ ጫፍ ላይ ቆሞ ገደሉን ቁልቁል አየና ኮፍያውን አውልቆ አለቀሰ፣ ነገሩም በዚያው ቀረ። ይህ እንኳ ይሻላል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ባቡሩ ራሱ መጥቶ ነበር፣ ሊማሊሞን አይቶ ተመለሰ ይላል። ስድስት ሐዲድ ብቻ ይዞ እንዴት ብሎ ሊመለስ ቻለ ብዬ ብጠይቅ፣ ወደ ኋላ እየሄደ ተባልኩ። በዳባት በኩል ጠላ የሚሸጡ አንዲት እናት ደግሞ ግቢያቸው ለባቡር ጣቢያነት የተያዘ ቦታ እንደነበረ ከአማታቸው ሰምተዋል። እስከ ዛሬ ከቤታቸው ፊት ለፊት ባሕር ዛፍ አይተክሉም፤ ከተከሉማ ባቡሩ ሲመጣ የት ይቆማል?

በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ሽማግሌ ብቻ ስለ ባቡሩ ደንታ የላቸውም። ማሳቸው ከድልድዩ በላይ ነው። ሰማንያን ዘለል ያሉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ሲቆጡም ሲስቁም ድምፃቸው የማይለወጥ ገበሬ ናቸው። አገሩ ሁሉ የድልድዩ ወንድም ይላቸዋል። ቅጽል ስም እንዳይመስላችሁ፣ ዝምድና ነው። አባታቸው የድልድዩ የክርስትና አባት ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ እሳቸው እንደሚሉት። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በመጀመሪያው ከተራ ታቦቱ ወንዝ ሊወርድ ወጥቶ ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርስ ካህናቱ ቆሙ። ብረቱ ሲረግጡት ይጮኻል። ከየት እንደመጣ፣ ምን እንዳለፈበት፣ ማን እንደረገመበት የሚያውቅ የለም። በዚህ ላይ ታቦት እንዴት ያልፋል? የጊዜው አለቃ ብዙ አሰቡና ጸሎት አድርሰው ጠበል ረጩት፤ ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረው «ዋስ የሚሆነው ማነው?» አሉ። ሁሉም ጫማ የሌለውን እግሩን ማየት ጀመረ። የሽማግሌው አባት ብቻ ከሰው መሐል ወጥተው ቀኝ እጃቸውን በመጀመሪያው ሐዲድ ላይ አኑረው ቆመው ጸሎተ ሃይማኖትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አደረሱ። ከዚያ ብቻቸውን ተሻገሩ። ብረቱ ጮኸ፣ አልወደቁም። ታቦቱም ተከተላቸው።

እንግዲህ ስለ ልጅ የሚቆምና ሃይማኖትን የሚመሰክር የክርስትና አባት ከሆነ፣ ድልድዩ የአባታቸው የክርስትና ልጅ ነው፤ ለእሳቸው ደግሞ ወንድማቸው። ይህን ሲናገሩ ቀልድ የለበትም። የክርስትና አባት ልጁን ማልበስ አለበትና በየዓመቱ ከከተራ በፊት ባለው ሳምንት ገበሬው በወንፈል ይሰበሰባል፤ የበሰበሰው ሳንቃ ተነሥቶ አዲስ ይረበረባል። ሥራው በአገሩ አጠራር ድልድዩን ማልበስ ነው። በአባታቸው ጊዜ ብረቱ እንዳይዝግ እንደ ሕፃን ልጅ ቅቤ ይቀባ ነበር። ውሾች ሌሊቱን ሲልሱት አድረው አንዱ ወንዝ ውስጥ ገባ ይባላል። ኋላ ቅቤው ለሰውም ሲጠፋ ከከተማ ጋራዥ የተቃጠለ ዘይት መለመን ጀመሩ።

አንድ ጊዜ አህያው ሳንቃ ሰብራ እግሯ የተያዘበት ነጋዴ ድልድዩን ሰደበው። ሽማግሌው አህያዋን በእርጋታ አወጡለት፣ ወንድሜ ታሞ ነው፣ በከተራ ይሻለዋል አሉት፣ ከዚያ በሽማግሌ ከሰሱት። ነጋዴው ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ መጥቶ ድልድዩን ይቅርታ ጠየቀ። እኔ እዚያ ነበርኩ። ሁላችንም ከንፈራችንን ነክሰን ቆመን ነበር፤ ነጋዴው ግን ከልቡ ነበር የጠየቀው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከወንዙ ራስጌ የሲሚንቶ ድልድይ ተሠራ። ጥሩ ድልድይ ነው፤ ባጃጅ ያሳልፋል፣ አይጮኽም። ከዚያ ደብዳቤ መጣ። አሮጌው ድልድይ አገልግሎቱን ስለ ጨረሰ ይፈርሳል፣ ሐዲዶቹም ለሌላ ሥራ ይወሰዳሉ የሚል ነው። ደብዳቤው የተለጠፈው እዚያው ግንቡ ላይ ነበር። ሽማግሌው ማንበብ ስለማይችሉ ከገበያ የሚመለስ ሰው አነበበላቸው። ሰውየው አንብቦ ሲጨርስ፣ ወንድሜን ሊወስዱት ነው ብለው እንደ ለቅሶ ቤት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እዚያው ተቀመጡ። ሰዎች ሲያልፉ ቆም እያሉ እግዚአብሔር ያጽናዎት ይሏቸው ጀመር። መጀመሪያ ያለው ሰው ለቀልድ ብሎት ይሆናል፤ የኋለኞቹ ግን አልቀለዱም።

ከወረዳ አንዲት ወጣት የባህል ባለሙያ መጣች። ፈጣን ልጅ ናት፤ ስትናገር ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። ድልድዩን በስልኳ ከሁሉም በኩል አነሣችና ትምህርት ቤት ድረስ ፈልጋኝ መጣች። «ዶክመንት ካለው ቅርስ ነው፣ ዶክመንት ከሌለው ብረት ነው» አለችኝ። አንድ ገጽ ታሪክ ብጽፍ፣ በገጹ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ኃላፊና የአካባቢው አንጋፋ ሰው ቢፈርሙበት፣ እሷ አስመዝግባ ታስቆመዋለች። ዴድላይኑ ዓርብ ከቀትር በፊት ነው፤ ቅዳሜ ሐዲዱን የሚጭነው መኪና ይመጣል። ቀኑ ማክሰኞ ነበር።

እውነት ለመናገር ደስ አለኝ። ሃያ ዓመት ታሪክ ሳስተምር ታሪክ ጻፍልን ያለኝ ሰው አልነበረም። ማክሰኞ ማታውኑ ጻፍኩት፤ ጣሊያኑን፣ ሐዲዱን፣ የድንጋዩን ግንብ፣ የማልበሱን ወንፈል ሁሉ አስገባሁ። በመጨረሻም ይህን ዓረፍተ ነገር አኖርኩ፦ «ድልድዩ ክርስትና ሲነሣ የዚህ አገር ገበሬ እገሌ የክርስትና አባት ሆነው፣ ቀኝ እጃቸውን በሐዲዱ ላይ አኑረው ቆመው ጸሎተ ሃይማኖት አድርሰዋል።» እገሌ ባልኩበት የአባትየው ስም ነው ያለው።

ረቡዕ ጠዋት ለሽማግሌው አነበብኩላቸው። የአባታቸው ስም ሲጠራ ከተቀመጡበት ተነሡ፤ ስሙ እስኪያልፍ ቆመው ቆዩ። በሰማንያ ዓመታቸው የአባታቸውን ስም በወረቀት ላይ ተጽፎ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር። የፈለጉት ይህን ብቻ ነው አሉኝ፦ ወንድማቸው እንዲቀርላቸውና አባታቸው ያደረጉት ነገር እንዲጻፍ። ሁለቱን በአንድ ገጽ አገኘሁላቸው ብዬ ኩራት ኩራት አለኝ። ወረቀቱን ይዤ ወንዙን ተሻገርኩና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጣሁ።

የኔታ ከጽዱ ሥር ተቀምጠው ቅኔ እየነገሩ ነበር። የደብሩ ኃላፊ እሳቸው ናቸው፤ በዕድሜም ከሽማግሌው ቢበልጡ እንጂ አያንሱም። ወረቀቱን ተቀብለው ዝም ብለው አነበቡ፤ መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ቀይ እስክሪብቶ ከኪሳቸው አወጡና የእኔን ዓረፍተ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰረዙት። በሃያ ዓመት የማስተማር ሥራዬ እኔ በተማሪዎቼ ወረቀት ላይ ያደረግሁትን ሁሉ በአንድ መስመር ከፈልኩ።

«ብረት ክርስትና አይነሣም» አሉኝ። ጠበል ተረጭቷል፣ ይህን አይክዱም፤ መርጨትና ማጥመቅ ግን የተለያዩ ናቸው፤ እሳቸው በዚህ ላይ ከፈረሙ ነገ ደግሞ ወፍጮው ክርስትና ይነሣ የሚል ይመጣል። ሁለቱ ሽማግሎች ለካ በዚሁ ነገር ከብዙ ዘመን በፊት አንድ ተዝካር ላይ ተጣልተው ኖሯል። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። በሩቁ ጎንበስ ብለው እጅ ይነሣሣሉ፣ በቃ።

እኔ በመሐላቸው መልእክተኛ ሆንኩ። የኔታ በወዲያ በኩል፣ ሽማግሌው በወዲህ በኩል፣ እኔ ሳንቃው ላይ። የኔታ፣ እውነት ክርስትና ተነሥቷል ከተባለማ እስቲ በአርባ ቀኑ ነው በሰማንያ ቀኑ ብለህ ጠይቃቸው አሉኝ። ተሻግሬ ጠየቅሁ። ሽማግሌው ተናደዱብኝ። ወንድሜ አልኩ እንጂ እኅቴ አልኩህ ወይ፣ ወንድ በአርባ እንደሆነ የኔታ ጠፍቷቸው ነው? ተመልሼ ይህን በለዘበ ቃል አደረስኩ። የኔታ ቀጠሉ፤ ይጾማል ወይ? ተሻገርኩ። ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና፣ በአባቴም ጊዜ ረቡዕና ዓርብ ቅቤ ተቀብቶ አያውቅም አሉ። ይህን ለየኔታ ሳደርስ የቅኔ ተማሪዎቹ መጽሐፋቸውን ፊታቸው ላይ ደፉ፤ የኔታ ግን ጥያቄው በአግባቡ እንደተመለሰ ቆጥረው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሦስተኛው ጥያቄ የመጨረሻው ነበር፤ የክርስትና ስሙ ማነው? ይህን ይዤ ስሻገር ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር። ሽማግሌው ወንዙን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ በዝግታ፣ የክርስትና ስም ላገኙት ሁሉ አይነገርም፣ መተተኛ እንዳይሰማው ይደበቃል፣ ይህን እንኳን የኔታ፣ ሕፃን ልጅም ያውቃል ብለው መለሱ። የኔታ መልሱን ሰምተው ጺማቸውን ያዙ። ሊስቁ ይሁን ሊቆጡ አላወቅሁም።

«በዚህስ ልክ ናቸው» አሉ። «ግን አልፈርምም።»

ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ቃል ስፈልግ ዋልኩ። «ጠበል ተረጭቶ ተባረከ» ብዬ ጻፍኩ፤ የኔታ ይሁን አሉ፣ ሽማግሌው ጠበልማ ለበግም ይረጫል ብለው መለሱት። «እንደ ክርስትና ያለ ሥርዓት ተፈጽሞለታል» አልኩ፤ ሽማግሌው እንደ አባት ያለ አባት አለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። የኔታ ደግሞ «እንደ» የምትለዋን በቀይ ከበቧት። በሁለት ቀን ውስጥ ያንን ድልድይ አሥራ አንድ ጊዜ ተሻገርኩ፤ እንኳን የሰው ወንድም፣ ጠላትም ቢሆን ይህን ያህል አይረገጥም። የባህል ባለሙያዋ ደውላ እንዴት ሆነ ስትለኝ ሁኔታውን ነገርኳት። ክርስትናው ደስ ይላል፣ ቱሪስት ይወደዋል፣ ግን የቤተ ክርስቲያን ፊርማ ከሌለው አይሆንም አለች። የሽማግሌውም ፊርማ ከሌለ አይሆንም።

እንግዲህ ኃጢአቴ ይህ ነው። ዓርብ ጠዋት መብራት ሳይጠፋ ደባርቅ ኮምፒውተር ቤት ሄጄ ገጹን ያለዚያ ዓረፍተ ነገር አስተየብኩት። ወንፈሉ አለ፣ ጠበሉ አለ፣ አባትየው ግን የሉም። ሽማግሌው ማንበብ አይችሉም። ወረቀቱ ከወረዳ መደርደሪያ ገብቶ አቧራ ይጠጣል፤ ማን ያየዋል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ለተማሪዎቼ ምንጭ ሳይጠቅሱ እንዳይጽፉ የማስጠነቅቅ ሰው ነኝ።

የኔታ አዲሱን ገጽ ሦስት ጊዜ አነበቡ፤ በጀርባው የተደበቀ ነገር ያለ ይመስል ወደ ፀሐይ አንሥተውም አዩት። ፈረሙ፣ ማኅተሙንም አሳረፉ። ሲመልሱልኝ ወረቀቱን ቶሎ አልለቀቁትም።

«ለእሳቸው የምታነብላቸው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ የኔታ።»

ብዙ አዩኝ። ከዚያ እግዚአብሔር ይርዳህ አሉና ለቀቁት። ምርቃት ይሁን ሌላ ነገር በዚያን ሰዓት ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም፤ ቀትር ሊሆን ነው።

ሽማግሌው ድልድዩ አፍ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እየጠበቁኝ ነበር። ቆሜ አነበብኩ። ከጣሊያኑ ጀምሬ ወደ ወንፈሉ መጣሁ፣ ከዚያ ዓይኔን ከወረቀቱ ሳላነሣ፣ የሌለውን ዓረፍተ ነገር ከቃሌ አነበብኩ። አባታቸውን በስም ጠራሁ። ሽማግሌው እንደ በፊቱ ተነሥተው ቆሙ። ጨረስኩ።

«እስቲ ያቺን ደግመህ አንብባት» አሉኝ።

ደገምኩ። በዚህ ጊዜ ግን «ሐዲዱን ይዘው ጸሎተ ሃይማኖት አድርሰዋል» አልኩ።

«ቅድም ‹ቆመው› ነበር ያልከው።»

ቆመውም ይዘውም ነው የሚለው አልኩ፤ ላቤ ወረቀቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ እየፈራሁ። ሽማግሌው ወደ እኔ አላዩም። ዞረው ድልድዩን ብቻ ሲያዩ ቆዩ፤ በጣም ቆዩ። ከዚያ አውራ ጣታቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ቀለሙ ላይ አደረጉና አሻራቸውን አሳረፉ። ብረቱ ይቀራል ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ ይቀራል አልኳቸው። እንግዲያው ደህና ብለው ወደ ማሳቸው ወጡ።

ቅዳሜ መኪናው አልመጣም። ድልድዩ ቅርስ ሆነ። የባህል ባለሙያዋ የገባችውን ቃል ሁሉ ፈጸመች፤ ያልገባችውንም ጨመረችበት። በወሩ አንድ ትልቅ የቆርቆሮ ታፔላ በሁለት ብረት ተተክሎ ድልድዩ አፍ ላይ ቆመ። ገጹ ሙሉ በሙሉ፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው፣ በሰማያዊ ላይ በነጭ ተጽፎበታል። ከታች የእኔ ስም አለ። አቧራ ይጠጣል ያልኩት ወረቀት ቁመቱ ከእኔ በላይ ሆነ።

ከሁሉ የባሰው ግን ሽማግሌው ነበሩ። በየቀኑ ከብቶቻቸውን ውኃ ካጠጡ በኋላ ታፔላው ሥር ይቀመጣሉ፤ ሰው ሲያልፍ እስቲ ይህን አንብብልኝ ይላሉ። ገበያተኛውን፣ ዲያቆኑን፣ ለጉብኝት የመጣውን አስጎብኚ፣ ማንንም አይምሩም። ይህን ከሰው ሰማሁ። አንድ ቀን አንድ ሰው እንዳለ ሲያነብላቸው ምን ይሆናል? ከዚያ ቀን ጀምሮ በሲሚንቶው ድልድይ መሻገር ጀመርኩ። ግማሽ ሰዓት ያስዞራል። ለምን በዚያ ትሄዳለህ ሲሉኝ ለጤና ነው እል ነበር፤ ባለቤቴ ጤናህ ድሮም ደህና ነበር ትለኛለች። ሁለት ዓመት እንዲህ ዞርኩ።

ከከተራ ግን መሸሽ አይቻልም። ታቦቱ ዛሬም በአሮጌው ድልድይ ነው የሚወርደው፤ እኔም ከሕዝቡ ጋር ነኝ። አምና ጃንጥላዎቹ አለፉ፣ ታቦቱ አለፈ፣ አዲሱ ሳንቃ ከሥራችን እየጮኸ ሁላችንም ተሻገርን። ታቦቱ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ሰዉ ሲበታተን፣ ከሰው ኋላ ኋላ ልንሸራተት ስል ሽማግሌውን ታፔላው አጠገብ አየኋቸው። አጠገባቸው የኔታ ቆመዋል። ሁለቱ በአንድ ክንድ ርቀት! እዚያው ቀረሁ።

«አንቱ ያንብቡልኝ» አሉ ሽማግሌው፤ ስንት ዘመን ላላነጋገሩት ሰው።

የኔታ መነጽራቸውን ከቀሚሳቸው ኪስ አወጡ። ታፔላው ላይ ያለውን ከላይ ጀምረው በዝግታ፣ ውዳሴ ማርያም እንደሚደግም ሰው አነበቡ። ጣሊያኑ አለፈ፣ ግንቡ አለፈ፣ ወንፈሉ አለፈ። መጨረሻው ነጥብ ላይ ደረሱ። ቆም አሉ። ዓይናቸውን ከታፔላው ሳያነሡ፣ ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ በቀይ የሰረዙትን ያንን ዓረፍተ ነገር በሙሉ አነበቡት። ክርስትናውን አሉ። የአባትየውን ስም አሉ። ሽማግሌው ስሙ እስኪያልፍ ነጠላቸውን ከራሳቸው አውርደው ቆሙ። አጠገባቸው የነበሩት ገበሬዎች አንዳቸውም አልገረማቸውም። አንዱ ዞር ብሎ፣ እኔ ሳነብላቸው እንዲያውም አሳምሬ ነው የማነበው አለኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። አገሩ ሁሉ ታሪኩን ከልጅነቱ ጀምሮ ከእሳቸው አፍ ሲሰማ ያደገ ነው። ለሁለት ዓመት ያለፈ ያገደመው ሁሉ የሌለውን ሲያነብላቸው ኖሯል። የዞርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ። በሁለት እጄ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ክንዴን ይዘው አቆሙኝ። የተጻፈው እንዲያ አይደለም፣ ዋሽቼዎት ነው አልኳቸው። የኔታ ወንዙን ማየት ጀመሩ።

«አውቃለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ያን ዕለት ስታነብ ነው ያወቅሁ። የተጻፈ ነገር ሲደገም አይለወጥም። ታፔላው በቆመ ማግስትም አንድ የጎንደር ሹፌር እንዳለ አነበበልኝ፤ የአባቴ ስም የለበትም።»

«ታዲያ እያወቁ ለምን ፈረሙ?»

«ወንድሜን ሊወስዱት አልነበር ወይ?» አሉኝ፤ ይህን ያህል ዘመን ተምሬ ይህ እንዴት ይጠፋኛል በሚል ዓይን።

ያን ዓርብ እኔ ያታለልኳቸው መስሎኝ ስሸማቀቅ፣ እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁትን አንድ መስመር ለወንድማቸው ብለው ጥለውት ነበር፤ በአውራ ጣታቸው፣ አንድ ቃል ሳይወጣቸው። እኔ ያየሁት ማንበብ የማይችሉ ሰው ነው። አፈርኩ፤ ዕንባዬም መጣ፣ ልደብቀውም አልቻልኩም።

«ሰው ሁሉ አንብቦልኛል» አሉ ሽማግሌው ድንጋያቸው ላይ ተመልሰው እየተቀመጡ። «የጻፍከው አንተ ብቻ ቀርተሃል። አንብብልኛ።»

ታፔላው ፊት ቆምኩ። ከጣሊያኑ ጀመርኩ፤ ሐዲዱን፣ ግንቡን፣ ወንፈሉን አለፍኩ። ነጭ ፊደሉ አለቀ። ሰማያዊውን ባዶ ቆርቆሮ እያየሁ ክርስትናውን አነበብኩ፤ የአባታቸውን ስም አነበብኩ፤ «ቀኝ እጃቸውን በሐዲዱ ላይ አኑረው፣ ሐዲዱን ይዘው...» አልኩ።

«ቆመው» አሉ ሽማግሌው።

«ቆመው ነው» አሉ የኔታም፣ ፊታቸውን ከወንዙ ሳያዞሩ።

ይቅርታ ጠይቄ እንደገና ከላይ ጀመርኩ።